ክረምት ሲገባ የሚረክስ ካሚዮን

የጋሼ ጉልበት ሲንቋቋ ወለንጪቲ ያለ ውሻ ይጮህ ነበር። የምንኖረው አዳማ ነው፤ መንገዱን በእግሩ የሄደ ሰው ይፍረደኝ። ጋሼ የምላቸው የባለቤቴን ታላቅ ወንድም ነው። ሃያ ሁለት በቅሎ ያላቸው ሲራራ ነጋዴ ነበሩ፤ እኔ ደግሞ የራሴን ሦስት በቅሎ ከኋላ ቀጥዬ የምከተላቸው ምላሳም ጓደኛቸው። ከዝዋይ ዳርቻ ቆዳና እህል ጭነን ሞጆ ባቡር ጣቢያ እናራግፋለን፤ ከሞጆ ጨውና አቡጀዲ ጭነን እንመለሳለን።

ሲያወሩት ቀላል ነው። ነገር ግን በቅሎ ጠዋት ተጭና ማታ ትራገፋለች፤ በማግስቱ እንደ አዲስ ትጫናለች። ከአዳሚ ቱሉ የተነሣች አንዲት የቆዳ ጥቅል ሞጆ እስክትደርስ በየማደሪያው ከመሬት ትነሣለች፣ መሬት ትወርዳለች። የሚያነሣትም የሚያወርዳትም የሰው ጉልበት ነው። የጋሼ ጉልበት ደግሞ አለቀ። ጠዋት ለመጫን ሲንበረከኩ እንደ ደረቅ እንጨት ይንቋቋል፤ ሲነሡ እኔና አንድ ጠንካራ ሰው ብብታቸውን ይዘን እንደ ድንኳን እናቆማቸዋለን።

ሚስታቸው ከሞቱ ቆይተዋል። ያለቻቸው አንዲት ልጅ ናት፤ እሷም አዳሚ ቱሉ ተድራለች። ባሏ ደግ ሰው ስለሆነ «ይምጡና አብረውን ይኑሩ» እያለ በየጊዜው ይልክባቸዋል። ጋሼ ይህን መልእክት ሲሰሙ ኮሶ እንደጠጣ ሰው ፊታቸው ይጨማደዳል።

«በልጄ ባል ማዕድ ጥግ ቁጭ ብዬ፣ ‹ይብሉ እንጂ› እየተባልሁ ልሙት?» ይሉኛል።

«ይብሉ እንጂ መባል ምን ይጎዳል?»

«አንተን አይጎዳህም። አንተ ሳትባልም ትበላለህ።»

ነገሩ እንዲህ ነበር። መጫንና ማራገፍ ካቃታቸው የሚቀራቸው መንገድ ያ የማዕድ ጥግ ነው። እዚያ ከመቀመጥ አዋሽ ውስጥ ከአዞ ጋር ጎረቤት ሆኖ መኖር ይሻላል ይሉ ነበር።

ካሚዮን የሚሉትን የጭነት መኪና መጀመሪያ ያየነው ሞጆ ነው። ከባቡር ወርዶ ዕቃ ከባሕር ማዶ ከሚያስመጣ ከአንድ ግሪክ ባለ ሱቅ ደጅ ቆሟል። ሾፌሩ ሞተሩን ሲያስነሣው ድምፁ የዝዋይን ጉማሬዎች ከውሃ አውጥቶ ሻሸመኔ ድረስ አሯሯጣቸው ተብሏል። ያልሁት እኔ ነኝ። የእኛ በቅሎዎች ግን የምር ገመድ በጥሰው ተበተኑ፤ እነሱን ስንለቅም ዋልን። ጋሼ አብረውን አልለቀሙም። ካሚዮኑን ይዞሩታል። ጎኑን መታ መታ ያደርጉታል። ጎማውን እንደ ሰኮና ጎንበስ ብለው ያያሉ። በመጨረሻ ከፊቱ ቆሙና አፉን ለመክፈት እጃቸውን ዘረጉ።

«ስንት በቅሎ ያህል ይጭናል?» አሉት ግሪኩን።

«ሃያ።»

«አንዴ ከተጫነ የት ይራገፋል?»

«ከፈለጉ አዳሚ ቱሉ።»

«መንገድ ላይ፣ ማደሪያ ላይ፣ አይራገፍም?»

«ለምን ይራገፋል?»

ጋሼ ዝም አሉ። ጉልበታቸውን ሳያውቁት በእጃቸው እያሹ ነበር። ዝም ሲሉ ሳይ ያ የመጀመሪያዬ ነው፤ በሠርጌ ቀን እንኳ ካህኑ ሲባርኩን እሳቸው ያወሩ ነበር።

ዋጋውን ጠየቁ። ግሪኩ በብር ተናገረ፣ እሳቸው በልባቸው ወደ በቅሎ መለሱት። እኛ ዋጋ የሚገባን በበቅሎ ነው። አሥራ ስምንት በቅሎ ሆነ። ሃያ ሁለት አላቸው።

«ይሄ የተሸጠ ነው» አለ ግሪኩ። «ለእርስዎ ሌላ ከባሕር ማዶ አዛለሁ። ዛሬ ቀብድ ይስጡኝ፤ ዋጋው በዚሁ ይታሰርልዎታል። ከዚህ ወዲያ ቢወጣም ለእርስዎ አይወጣም።»

«ጥርሱን ላላየሁት በቅሎ ቀብድ አልሰጥም።»

«በቅሎ አይደለም እኮ።»

«ጥርስ የሌለው ከሆነ ደግሞ ይብሳል።»

ወደ ቤት ስንመለስ ምሥጢሩን ገለጡልኝ። በጋ ነበር። በበጋ ነጋዴው ሁሉ መንገድ ስለሚወጣ በቅሎ ውድ ናት። ክረምት ሲገባ አዋሽ ይሞላል፣ መንገዱ መረሬ ጭቃ ይሆናል፣ በቅሎ ሥራ ፈታ ቆማ ትበላለች፤ ባለቤቷም የምትበላው ሲመርረው በርካሽ ይለቃታል። በሐምሌ በቅሎ ያልገዛ ነጋዴ በእኛ ዘንድ ነጋዴ አይባልም። ካሚዮን ደግሞ ከበቅሎ ይብሳል፤ ጭቃ ውስጥ ከገባ ይሰምጣል። ታዲያ በክረምት ማን ይፈልገዋል?

«በሐምሌ ‹በአሥር በቅሎ ውሰድልኝ› ብሎ ይለምነኛል» አሉ ጋሼ።

የአዳማ ሲራራ ነጋዴ በሙሉ ተሰብስቦ መከረበት። ሁሉም ልክ ነው አለ። ዘጠኝ በቅሎ ያለ ነበር፣ ስምንት ያለ ነበር። እኔ ስድስት በቅሎና አንድ ፍየል ብዬ ነበር፤ ፍየሏንም ለክርክር ነው የጨመርኋት። አንድ ሰው ብቻ ዝም አለ፤ እሱም ቆዳውን የምንጭንለት የአዳማው ቆዳ ነጋዴ ነው። በማግስቱ ሞጆ ሄዶ ቀብዱን ከፈለ። ሳቅንበት። «ጥርስ ሳያይ» ብለን ስም አወጣንለት፤ በገበያ ሲያልፍ ከኋላው ጥርሳችንን እየገለጥን እናሳየው ነበር።

ክረምቱ ገባ። እንደዚያ ያለ ዝናብ ወርዶ አያውቅም፤ የኖኅ ዘመን ሰው ቢያየው «ይህስ በዛ» ይል ነበር። ሰው ሁሉ ሲማረር ጋሼ ብቻ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ይደሰታሉ። የጣሪያው ጠፈጠፍ ጠብ ባለ ቁጥር ጣታቸውን እያነሡ «አንድ በቅሎ ወረደ» ይላሉ። በእሳቸው ስሌት ከሆነ፣ በሐምሌ መጨረሻ ግሪኩ ካሚዮኑን በነጻ ሰጥቶ በላዩ ላይ ምሳ ሊጋብዘን ደርሷል።

በነሐሴ ጭቃውን ቀዝፈን ሞጆ ደረስን። ዋጋው ሃያ አንድ በቅሎ ሆኖ ጠበቀን።

«ክረምት እኮ ነው» አሉ ጋሼ።

«አዎ፣ ዘንቧል» አለ ግሪኩ።

«መንገዱ ጭቃ ነው። ማን ይገዛሃል?»

«ማንም አይግዛኝ። በጅቡቲ በኩል የሚመጣ ዕቃ የሞጆን ዝናብ አያውቀውም። ደግሞ መኪናው አልተወደደም፤ በአገሩ ዋጋው ያው ነው። የወረደው ብሩ ነው።»

«የቱ ብር?»

«ይሄ የእናንተ ጠገራ። ባሕር ማዶ ብር፣ ማዕድኑ ራሱ፣ ረክሷል። ያን ጊዜ በአንድ ብር የማመጣውን ዛሬ በዚያው ብር አላመጣውም።»

ጋሼ ሳቁ። «እህል ይነቅዛል። ቆዳ ይበሰብሳል። በቅሎ ይሞታል። ብር ምን ሆኖ ይረክሳል? ዝናብ አይነካው፣ ምስጥ አይበላው።»

«አሁንም ቀብድ ይስጡኝና ልሰርልዎት» አለ ሰውዬው። በእርጋታ ነው ያለው። እርጋታው ነው ያጠራጠረን።

በበቅሎ ገበያ ባለ ዕቃ ዋጋ ሲሰቅል መድኃኒቱ የታወቀ ነው። ፊትህን ታዞራለህ፣ ቀስ ብለህ ትሄዳለህ፤ ከኋላ ይጠራሃል። ፊታችንን አዞርን። ለመጠራት እንዲመች አድርገን ቀስ አልን። ጣቢያውን አለፍን። የመጨረሻውን ጎጆ አለፍን።

«ልዙር?» አሉኝ ጋሼ በሹክሹክታ።

«እንዳይዞሩ። እየለበሰ ይሆናል።»

እስከ ዛሬ አልጠራንም።

መስከረም ጠብቶ መንገዱ ሲደርቅ የቆዳ ነጋዴው ካሚዮን መጣ፤ ያውም በታሰረው በአሥራ ስምንት በቅሎ ዋጋ። አዳማ ሲገባ ሕዝቡ ወጥቶ እልል አለ። ጥርሳችንን ለማሳየት የወጣነው ደግሞ አፋችንን ገጠምን። ሰውዬው ክፉ አልነበረም። ቤቴ ድረስ መጣና፣ «ወንድሜ፣ እንግዲህ ቆዳው በካሚዮን ይሄዳል። አትቀየሙኝ» አለ። ባለቤቴ ምሳ አቀረበችለት። በላ። እኔም «ይብሉ እንጂ» አልሁት፤ እንዳልሁትም ጋሼ ትዝ አሉኝና የጠቀለልሁትን ጉርሻ መልሼ አስቀመጥሁት።

ቆዳው ከእጃችን ወጣ። በቅሎዎቹ ቆመው መብላት ጀመሩ፤ በእኛ ቤት በበጋው ክረምት ሆነ። ያኔ ጋሼ ቆረጡ። ጭነቱን ከፊት ከምትመራው ከዳማዋ በቅሎ በቀር ሌላው ሁሉ ይሸጥና ካሚዮኑ ይገዛ አሉ። የእኔም ሦስቱ ይጨመሩ ተባለ፤ እኔ ከኋላው የምቀመጥ ባለ ድርሻ ልሆን።

አሁን የጋሼን ብር አቀባበል ልንገራችሁ። በዚያን ጊዜ ማንም ብር ዝም ብሎ አይቀበልም፤ ያገላብጣል፣ ይመርጣል። ጋሼ ግን ለልጃቸው ባል እንኳ እንደዚያ አልመረጡም። በብሩ ላይ ያለችው ሴት የደረቷ ጌጥ ነጥብ በነጥብ ካልታየ፣ የፀጉሯ ሽብሽብ ከተላጠ፣ ይመልሷታል። ድንጋይ ላይ ጥለው ያስጮኹና ጆሯቸውን ያቆማሉ። «ይህቺ አሮጊት ናት፤ ልጅቷን አምጣልኝ» ይላሉ። ገዢው «ጌታዬ፣ ያው ብር ናት» ይላል። «ካሚዮን ነው የምገዛባት፤ ፊቷ ይታይ» ይላሉ። በቅሎ አትወልድም እንጂ ብትወልድ ኖሮ፣ ጋሼ የአንዷን ዋጋ መርጠው እስኪጨርሱ ሌላዋ ደርሳ ትወልድ ነበር። እንዲህ እያልን አንዱን ገበያ አዳማ፣ አንዱን ሞጆ፣ አንዱን ወለንጪቲ ስንል በጋው ተጋመሰ። የመረጥናቸው ብሮች ግን እንደ ሙሽራ ያምሩ ነበር። ጋሼ ከግርግሙ ሥር ቀብረዋቸው ሌሊት በላያቸው ይተኛሉ።

ሞጆ ሄጄ ጠየቅሁ። ሃያ አምስት በቅሎ ሆኗል። ያለን ብር የሃያ አራት በቅሎ ነው።

አንድ በቅሎ ጎደለ። በጋጣው የቀረችውም አንዲት ናት።

ስለ ዳማዋ ማጋነን አያስፈልገኝም። መንገዱን ታውቀዋለች፤ በአዋሽ መልካ፣ በመሻገሪያው፣ ሌሎቹ እሷ ካልገባች አይገቡም። ከጊዜ በኋላ ደግሞ የጋሼን ጉልበት አወቀች። ሊቀመጡባት ሲመጡ ራሷ ጉብታ ፈልጋ ጎኗን ታስጠጋላቸዋለች። ማንም አላስተማራትም።

ጋሼ ወለንጪቲ አልሄዱም። ዳማዋን ይዤ እኔ ሄድሁ። አንድ የቦሰት ገበሬ፣ ሸምገል ያለ ሰው፣ «አካም ቡልቴ» ብሎ ሰላምታ ሰጠኝና ጥርሷን አየ፣ እግሯን አነሣ፣ ጀርባዋን በመዳፉ ዳበሰ።

«ጋንጌዋ ጥሩ ናት» አለ። በቅሎዋን ማለቱ ነው። «ለምን ትሸጣታለህ፣ ወንድሜ?»

«ካሚዮን ልንገዛ ነው።»

«ካሚዮኑ ባለቤቱን ያውቃል?»

ቀልድ ፈለግሁ። እኔ ለቅሶ ቤት ቀልድ አጥቼ የማላውቅ ሰው፣ ያን ቀን ከወለንጪቲ ገበያ አንዲት ቀልድ አጣሁ። ብሩን ጋሼ እንደሚመርጡት መርጬ ተቀበልሁ። ስመለስ ጋሼ ስለ ዋጋዋ አልጠየቁኝም።

«ዞራ አየች?» ነው ያሉት።

«አላየችም።»

እውነት ነው፣ አላየችም። የገበሬውን ጨው ከመዳፉ እየላሰች ሄደች።

በማግስቱ ብሩን ይዘን በባቡር ሞጆ ወረድን። ሃያ አምስት በቅሎ ተሸጦ የወጣው ብር አንድ በቅሎ ሊሸከመው የሚችል ጭነት ሆነ፤ የሚሸከመው በቅሎ ግን አልተረፈንም። በኩሊ ትከሻ ግሪኩ ሱቅ አስገባነው። ከሱቁ ጓሮ አዲስ ካሚዮን ቆሟል። ገዢ አጥቶ ስለከረመ በላዩ ዶሮ እንቁላል ጥላለች።

ግሪኩ ከብሩ እፍኝ አንሥቶ ሚዛን ላይ አፈሰሰ።

«አገላብጣቸው እንጂ» አሉ ጋሼ። «አንዲት አሮጊት የለችባቸውም።»

«እኔ ዘንድ ልጅም አሮጊትም አንድ ናቸው። ባሕር ማዶ ብር የሚገዛው በሚዛን ነው፤ ሚዛን ፊት አያይም።» ከዚያ ዓይኑን ከሚዛኑ ሳያነሣ ዋጋውን ነገረን። ያን ቀን ወደ በቅሎ ጋሼ አልመለሱትም፤ እኔ መለስሁት። ሠላሳ።

«ባለፈው ለዚህ ሰው ሃያ አምስት ብለኸው ነበር» አሉ ጋሼ፣ እኔን እየጠቆሙ።

«ያን ቀን ነበር። ከዚያ ወዲህ ብሩ ደግሞ ወረደ። ጋሼ፣ እኔን ደስ ያለኝ መስሎዎታል? ለዕቃው የምከፍለው በባሕር ማዶ ገንዘብ ነው። በዚህ ዋጋ የሚገዛ የለም፣ ከዚህ ዋጋ በታች ብሸጥ ቤቴ ይዘጋል። ዶሮዋን ያዩዋታል።»

ዶሮዋን አየናት።

ጋሼ ተነሥተው ወደ ካሚዮኑ ሄዱ። ግሪኩ ምን እንደፈለጉ ገብቶት የሞተሩን ክዳን ከፈተላቸው። ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ በሩ ተከፈተላቸውና ሾፌሩ ቦታ ተቀመጡ። መሪውን ያዙ። ጆሮዬን አቁሜ ነበር፤ ጉልበታቸው አልተንቋቋም። ወንበሩ ልክ በልካቸው ነበር።

«ጥሩ ነው» አሉ። «ጥርሱም አልተበላ።»

ወረዱ። ሲወርዱ ተንቋቋ።

በመንገድ ላይ «በቅሎ መልሰን እንግዛ» አልኋቸው። «ማን ይጭናቸዋል?» አሉኝ። ትንሽ ሄድን። «ደግሞስ ምን ይጫናሉ?» አሉኝ። ቆዳው በካሚዮን ይሄዳል፣ ጨው በካሚዮን ይመጣል። ቤት ስንደርስ የእኔን ድርሻ ቆጥረው፣ መርጠው ሰጡኝ፤ ከልጃገረዶቹ በጣም የሚያምሩትን ለእኔ አደረጉ።

ከፋሲካ በኋላ ጋሼ ወደ አዳሚ ቱሉ ሄዱ። የቆዳ ነጋዴው ካሚዮን ጨው ጭኖ ይወርድ ነበር፤ «ለጋሼ ሒሳብ አልቀበልም» አለ። ከኋላ በጨው ጆንያው ላይ ለማውጣት አራት ሰው ሆነን ተሸከምናቸው። ሾፌሩ መስታወቱን እያየ፣ «ይህኛው ዕቃ በደንብ ይታሰር፤ መንገዱ ጎርበጥባጣ ነው» አለ። ሊቀልድ ነው። በሌላ ቀን ቢሆን ቀልዱን እቀማው ነበር።

ጋሼ የብሩን አቁማዳ አስመጡና ጆንያው ላይ አድርገው ተቀመጡበት። ወዲያና ወዲህ አሉ።

«ለመቀመጫም አይመችም» አሉኝ።

ሞተሩ ተነሣ። አቧራው ሲሸፍናቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ክረምት ሲገባ ዋጋውን ጠይቅልኝ» አሉ።

ዝናቡ ሲጀምር ሞጆ ሄጄ ጠየቅሁ። የሰማሁትን አልላክሁላቸውም። ባለፈው ሰሞን ከአዳሚ ቱሉ የመጣ እህል ነጋዴ አገኘሁና ስለ ጋሼ ጠየቅሁት። ደህና ናቸው አለኝ። ልጅቷም ባሏም እጅግ ያከብሯቸዋል አለ። ዝናብ ሲጥል ደጅ ቁጭ ብለው ጠፈጠፉን ያዩታል እንጂ ጣታቸውን አያነሡም።

«ምግብስ?» አልሁት።

«ምግቡስ ሞልቷል» አለ። «አይበሉም እንጂ። ቤተሰቡ በሙሉ ከቧቸው ‹ይብሉ እንጂ፣ ይብሉ እንጂ› ይላቸዋል።»